የማይመርጥ ሰው ጣት

ጣቴን ቀለም ነክረው መራጭ አደረጉኝ። እኔ ደግሞ መምረጥ የማይፈቀድልኝ ሰው ነኝ። የተበደልኩት ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ገዳሪፍ የገባሁት ጢም ሳላወጣ ነው። ዛሬ ጢሜ ሸብቷል፣ እኔ ግን አሁንም «አጅነቢ» ነኝ፤ የውጭ ሰው ማለታቸው ነው። በየዓመቱ ኢቃማ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ ካላሳደስኩ ጭነው ድንበር ላይ ሊጥሉኝ ይችላሉ። ሥራዬ ጆንያ መስፋት ነው። ሰሊጥ ገበያው ውስጥ ተቀምጬ ሌላው የቀደደውን እጠቅማለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው። ለትምህርት ጓጉቼ አይደለም። በየቢሮው «ጣትህን አምጣ» እያሉ ቀለም ላይ ሲደፍቁኝ መሮኝ ነው። ሕፃን ይመስል እጄን ይዘው፣ ወረቀቱ ላይ ጫን አድርገው፣ ከዚያ የሚጠረግበት ጨርቅ እንኳ አይሰጡህም። ስሜን መጻፍ የቻልኩ ቀን፣ ከእንግዲህ ጣቴ ከቀለም ጋር ተለያየ ብዬ ነበር። እንዲህ ያልኩት ሐናንን ሳላውቃት ነው።

ሐናን እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። እናቷ የመተማ ሴት፣ አባቷ ሱዳናዊ፤ ወረቀቷ የተሟላ፣ ምላሷም የተሟላ። አማርኛ ጀምራ መሀል ላይ ዐረብኛ ትገባለች፣ ስትወጣ ሰው የት እንደደረሰች አያውቅም። ካርቱም ፊልም ተምራ ተመለሰችና ሁለት ጓደኞቿን አስከትላ መዞር ጀመረች። አንዱ ካሜራ ይሸከማል፣ ሌላው ምንም አይሸከምም፣ ግን ከሁሉም በላይ የሚደክመው እሱ ነበር። ያን ሰሞን ምርጫ ይመጣል ይባል ነበር። አሮጌው መንግሥት ወድቋል፣ አዲሱ ገና እግሩን አልተከለም፣ ወጣቱ ደግሞ «ምርጫ ምን ያደርግልናል» ብሎ ጥላ ሥር ተኝቷል። ልጆቹ እሱን ለማንቃት ነው ፊልም ሠርተው ከተማ ለከተማ ሊያሳዩ የተነሡት። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ክፉው ከሰው ሁሉ መርጠው እኔ ዘንድ መምጣታቸው ነው።

«ጋሼ፣ እጅዎን ያሳዩኝ እስቲ» አለችኝ።

«ምን አጠፋ እጄ?»

«ምንም። ወላሂ ውብ ነው።»

አጠገቤ የሚሰፋው ኑሩ መርፌውን አቆመ። ኑሩ የጎንደር እስላም ነው፣ በረሃቡ ዘመን አብረን ነው የመጣነው፣ አፉ ከመርፌው ይብሳል። «እኅቴ» አላት፣ «የዐይን ሐኪሙ ከገበያው ጀርባ ነው።»

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እጄ ውብ ተብሎ አያውቅማ። ሚስቴ ዝናሽ እንኳ በአፍላችን ጊዜ እጄን አይታ ያለችው «ቅባት ብጤ የለህም?» ነው። መዳፌ የተሰነጣጠቀ፣ ጥፍሬ በጆንያ መርፌ የተወጋጋ ነው። ሐናን የሠራተኛ እጅ ነበር የምትፈልገው፤ ወጣቱ አይቶ «ይህ ምስኪን ከመረጠ እኔስ ለምን እቀራለሁ» እንዲል። ምስኪን የሚለውን ያኔ አልነገረችኝም፣ ኋላ ነው የደረስኩበት።

«ጣትዎ ብቻ ነው የሚታየው። ፊትዎ የለበትም» አለች። አክስቷ ባለፈው ምርጫ አስመራጭ ነበረች አሉ፤ የመራጭ ጣት የሚነከርበት ቀለም ተርፏት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣው ኖሯል። ሐናን ጠርሙሱን አወጣች።

«ይታጠባል?» አልኳት።

«በነገታው ይለቃል፣ ወላሂ።»

የግራ እጄን አመልካች ጣት ነከርኩ። «ድምፄ መብቴ ነው» ማለት የሆነውን ዐረብኛ አስጠንታኝ አልኩት። ሦስቴ አስባለችኝ። ለምን እሺ እንዳልኩ ብትጠይቁኝ፣ እጄ ውብ ተብሎ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቀለሙ ሲነከር ውኃ የነካው ቡና ዓይነት ነበር፣ ምንም አይመስልም። ወጥቼ ፀሐይ ሲመታው ግን ጠቆረ። ቤቴ እስክደርስ ወይን ጠጅ፣ በማግስቱ ጥቁር። በሳሙና አጠብኩት። ሳሙናው ጠቆረ እንጂ እሱ አልነጣም።

ኑሩ አየውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ኑሩ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ከመጮኹ የበለጠ ያስፈራል። «ይህን ይዘህ ነው ኢቃማ ልታሳድስ የምትሄደው?»

«ምን አለው?»

«መራጭ ነሃ። አጅነቢ መርጦ ከተገኘ ምን እንደሚደረግ ታውቃለህ?»

«ምን ይደረጋል?»

«እኔ ምን ዐውቃለሁ። ተደርጎ ያየሁት ሰው አልተመለሰማ።»

ጊዜው ደግሞ ለሐበሻ የሚመች አልነበረም። ድንበሩ ላይ፣ በቁረይሻ በኩል የሁለቱ አገር ወታደር በእርሻ መሬት ይታኮሳል፣ ከትግራይ የሸሸው ሰው ቱነይድባ መጠለያ ሞልቷል፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ ከሻ በርትቷል። ከሻ ማለት ፖሊስ በድንገት ወጥቶ የውጭ ሰው እየለቀመ መኪና ላይ የሚጭንበት ነው። ወረቀት ያለው ወረቀቱን ሲያወጣ እጁን ያሳያል። እኔ እጄን ሳሳይ ምን ላሳይ ነው? መኪናው ላይ እንደ ጆንያ ተደርድሬ፣ ድንበር ላይ ተራግፌ፣ ወዲያ ጦርነት፣ ወዲህ ዝናሽ ብቻዋን፤ ይህን በዐይኔ እያየሁ ስሰፋ ሁለት ጆንያ አፍ ለአፍ ገጥሜ ሰፋሁ።

ማጠቡን ተያያዝኩት። ሎሚ አልሆነም። ጋዝ አልሆነም። በረኪና ነከርኩት፣ ጣቴ አበጠ እንጂ ቀለሙ አልተነካም። በመጨረሻ ከአናጢ ጎረቤቴ የእንጨት ማለስለሻውን ሸካራ ወረቀት ለምኜ ጣቴን እንደ ወንበር እግር ሞረድኩት።

ዝናሽ ደጅ ላይ ጠዕሚያ የሚሉትን የሽምብራ ጥብስ እየጠበሰች ታየኛለች። «ቁረጠውና ጣለው» አለችኝ። «ከዚህ ሁሉ ይቀላል። ሌላ ዘጠኝ አለህ።»

ቆዳው ተልጦ ሄደ። ጥፍሩ ላይ ያለው ጥቁር ግን እንደተሰፋ ቀረ።

ፊልሙ ሲታይ ሄድኩ። መሸት ሲል ሜዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጠሩ፣ ሰው መሬት ላይ ተቀመጠ። የሄድኩት ጣቴ ብቻ መሆኑን ላረጋግጥ ነው። ጣቴ ወጣ። የከተማውን የእህል ጎተራ ያህላል። የተወጋጋው ጥፍር፣ ስንጥቁ፣ ጥቁሩ ቀለም፤ እውነቱን ልናገርና ለአፍታ ኮራሁ። ከዚያ ካሜራው ቀስ እያለ በክንዴ ላይ ወደ ላይ ወጣ። ትከሻዬ ታየ። ከዚያ ፊቴ መጣ፣ አንሶላውን ሞልቶ፣ በገዛ አፉ ድምፄ መብቴ ነው አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ በእጄም በጉልበቴም እየዳኽሁ ከሰው መሀል ወጣሁ።

በማግስቱ ልጆቹ ፊልማቸውን ጭነው ወደ ከሰላ ሄዱ። እኔ ፖሊስ እንዳያየኝ ቤቴ ውስጥ ተደብቄያለሁ፣ ፊቴ አገር ለአገር ይዞራል። እንዲህ ያለ መደበቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ከሰላ ያለው ያጎቴ ልጅ ደወለልኝ።

«አየሁህ» አለኝ። «እንኳን ደስ ያለህ።»

«ለምኑ?»

«ዜግነት አወጣህ አይደል። ዘመድ እንዲህ ይደብቃል? ለእኔስ በየት በኩል ነው የሚወጣው?»

ሐናን ዘንድ ደውዬ ያልኳትን እዚህ መጻፍ አልችልም፤ ፊደል የተማርኩት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። ፊቴን ከፊልሙ ካላወጣች መንገድ ላይ ጠብቄ ካሜራቸውን ጆንያ ውስጥ ከትቼ እንደምሰፋው ነገርኳት።

«ኸላስ ጋሼ፣ አወጣዋለሁ። ጣቱስ?»

«ጣቱ ምን ይናገራል። ይቅር እዚያው።»

ይህቺን አስታውሱልኝ አልልም። እኔው ራሴ ረስቻት ነበር።

ኢቃማዬ የሚያልቅበት ቀን እየቀረበ ነው። ኑሩ መላ አመጣ። «ጥቁርን በጥቁር ነው የምትሸፍነው። ሒና ተቀባ።»

ሒና የምትቀባዋ ሴት እጄን አይታ ፈገግ አለች፣ ምንም አልጠየቀችኝም። አንድ ጣት ብቻ ቢቀባ ያስታውቃል አለችና ሁሉንም ጫፍ ጫፋቸውን አጠቆረችው፣ መዳፌ ላይም ክብ ነገር ጨመረችልኝ። በሐሳቧ ተስማማሁ። ዕድሜዬን የኖርኩበት አገር ነው፣ በዚህ አገር እጁን ሒና የሚቀባ ወንድ ማን እንደሆነ ሕፃን ያውቀዋል፣ እኔም ዐውቀው ነበር። ፍርሃት አእምሮዬ ውስጥ ገብቶ ያንን መርጦ ሰረቀኝ።

ከደጇ ስወጣ ዳቦ ሻጩ «መብሩክ ያ ዐሪስ» አለኝ። እንኳን ደስ ያለህ ሙሽራ። ሌላ ሰው ነው ብዬ ዞር ብዬ አየሁ። ከእኔ ሌላ ሰው የለም። ረክሻ የሚሉት ባጃጅ ነጂ በነፃ ካልወሰድኩህ አለኝ፣ እምቢ ስለው ጥሩምባውን እየነፋ ከኋላዬ ቀስ ብሎ ተከተለኝ። ሴቶቹ ከየበራቸው እልል አሉ። ሰፈር ውስጥ እንዳልታይ ብዬ ስንት ቀን ተደብቄ፣ በአጀብ ነው ቤቴ የገባሁት።

ዝናሽ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላለች። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

«ማን ናት?»

«ማንም የለችም።»

«ለወረቀት ነው ወይስ ለልብ?»

«ለጣቴ ነው» አልኳት።

እዚህ አገር ለወረቀት ሲል የአገሩን ሴት የሚያገባ ሐበሻ መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። «ከሆነም ለወረቀት አድርገው» አለች፣ «ለልብማ ማን ይወስድሃል።» ከዚያ ወደ መጥበሻዋ ዞረች። እንባዋን ግን ዐይቻለሁ፤ በጭሱ አሳበበችው። እስከ ማታ ሳስረዳት ዋልኩ። አመነችኝ መሰለኝ፣ ሞኝነቴ ከዚህ ይበልጥ እንጂ እንደማያንስ ታውቃለች።

ቀኑ ደረሰ። ጀዋዛት የሚባለው የፓስፖርትና የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄድኩ። መኮንኑ ልጄ የሚሆን ወጣት ነው፣ ዐይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዐይን ነው። እጄን አይቶ «ዐሪስ ነህ?» አለኝ። «ነበርኩ» አልኩት። አሁን ወረቀት ላይ ቀለም መድፈቁ ቀርቶ መብራት ያላት ትንሽ ብርጭቆ አለች፣ ጣትን እሷ ላይ ማድረግ ነው። ቀኙ አለፈ። የግራ አውራ ጣት አለፈ። አመልካቹን ሳስቀምጥ ቀይ አበራች። ጠረግኩና ደገምኩ። ቀይ። መኮንኑ ጣቴን ይዞ ወደ መስኮቱ ጎተተው።

«አሻራህን ማን አጠፋው?»

አሁን የመጣውን ነገር ወዲያው ገባኝ፤ እናንተም እንዲገባችሁ። ወደ ሊቢያ፣ ከዚያም በባሕር የሚሄዱ ልጆች ወዲያ ማዶ እንዳይመዘገቡ የጣታቸውን ጫፍ ያቃጥላሉ። ይህን ፖሊስ ሁሉ ያውቃል።

«ትሄዳለህ ወይስ ሰው ታሻግራለህ?» አለኝ። ቀልድ የለበትም።

«እኔ? ከሰላ ድረስ እንኳ ስሄድ አውቶቡስ ያጥወለውለኛል።»

«እንግዲያው ታሻግራለህ።»

በከሻ የተያዙ ሰዎች ያሉበት አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። አግዳሚው ከእኔ ጋር ይንቀጠቀጣል፣ ጎኔ ያለው ሰው «እባክህ ወንድሜ ተረጋጋ፣ እኔም ፈራሁ» አለኝ። እኔ ግን ሒሳብ ላይ ነኝ። ዝም ካልኩ ሰው አሻጋሪ ነኝ። ከተናገርኩ መራጭ ነኝ። የትኛው ነው የሚቀለው? አሻጋሪ እስር ቤት ይገባል፣ መራጭ ድንበር ይጣላል። እስር ቤት ከሆነ ዝናሽ ምግብ ታመጣልኛለች ብዬ ለአሻጋሪነቱ አዘንብዬ ነበር። ከዚያ በሒናው ያኮረፈችኝ ሚስት ምን ዓይነት ምግብ እንደምታመጣ አሰብኩና ተነሣሁ።

«ጌታዬ፣ የምርጫ ቀለም ነው።»

«የምን ምርጫ?»

«የፊልም ምርጫ።»

መኮንኑ ጓደኞቹን አየ። «ያንን ፊልም አሳየኝ» አለ።

እዚህ ላይ የራሴን መከራ ልብ በሉልኝ። ፖሊስ እንዳያየው ብዬ ጣቴን የሞረድኩበትን ነገር፣ ፖሊስ ያየው ዘንድ ልለምን ነው። ሐናን ዘንድ ደወልኩ። ቱነይድባ ናት። የሰደብኳትን አላነሣችም፣ «መጣሁ ጋሼ» ብላ ስልኩን ዘጋች። አቧራ ለብሳ፣ ኮምፒውተሯን ታቅፋ፣ ቢሮው ሳይዘጋ ደረሰች።

ፊልሙ ተከፈተ። ጣት ወጣ። ቀለም ተነከረ። አለቀ።

«ይህ ጣት ያንተ ለመሆኑ ማስረጃህ ምንድን ነው?» አለ መኮንኑ።

ሐናንን አየኋት። እሷም አየችኝ። «ጋሼ፣ ፊቱን ያስወጡኝ እርስዎ አይደሉ?» አለች ቀስ ብላ።

ያን ጊዜ መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር፤ ኢቃማ አይጠይቅማ። ሐናን ግን ጣቷን ኮምፒውተሩ ላይ እያሯሯጠች «ያልተቆረጠው አለ» አለች። ካሜራውን ሲያስተካክሉ የተነሣው ሁሉ አለ ለካ። ከፈተችው፤ እኔ ነኝ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ። ዋናው ንግግሬ አንድ ነው። «ይታጠባል?» እላለሁ። ትመልስልኛለች። ጥቂት ቆይቼ «ይታጠባል?» ስነከር «ይታጠባል?» ከተነከርኩ በኋላ ወደ ካሜራው ዞሬ «እውነት ይታጠባል?» መኮንኑ ትርጉሙን ጠየቀ፣ ሐናን ነገረችው፣ ከዚያ ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። በር ላይ የቆመው ወታደር በአማርኛ ከእኔ እየቀደመ «ይታጠባል?» ማለት ጀመረ። አግዳሚው ላይ ያሉት እንኳ ሳቁ። እኔም ልስቅ ስል፣ የሐናን ድምፅ ከኮምፒውተሩ መጣ።

«ጋሼ፣ ቢፈቀድልዎ ማንን ይመርጡ ነበር?»

ምን እንደመለስኩ ያኔ ትዝ አለኝ። እጄን ዘርግቼ ላስቆመው ስል ቀደመኝ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሰውዬ ተዝናንቶ መለሰ፤ «ከሻ የሚያስቀረውን። ሌባም ቢሆን ግድ የለኝም።»

ሳቁ ቆመ።

«ምን አለ?» አለ መኮንኑ።

«ስለ... ስለ ጆንያ ነው» አለች ሐናን።

«ከሻ ሲል ሰምቻለሁ።»

ሌላው ሁሉ አማርኛ ነው፣ ያቺ አንዲት ቃል የእነሱ ናት። ሐናን አንገቷን ደፋች። እኔ በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ዋሽቼ ከከሻ አምልጫለሁ፣ የዚያን ቀን ግን ውሸቴ አለቀብኝ። በዐረብኛ ቃል በቃል ነገርኩት፤ ሌባም ቢሆን የምትለውን ጨምሬ።

መኮንኑ ቆቡን አወለቀ። ዐይኑን በመዳፉ አሸ። ጎኔ የነበረው ሰው ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ለከሻ የሚወጣው ማን ይመስልሃል?» አለ መኮንኑ። «እኔ ነኝ። ሦስት ወር ሙሉ ልጄን ነቅታ አላየኋትም። ያ የምትለው ሰው ከተገኘ ንገረኝ፣ እኔም እመርጠዋለሁ።»

ጣቴን መለሰልኝና «ቆዳ ሲያወጣ ና» አለ።

«እስከዚያ ከሻ ቢይዘኝስ?»

«የምይዝህ እኔ ነኝ። ዐውቅሃለሁ።»

ይህ ተስፋ ይሁን ማስፈራሪያ እስካሁን አልለየሁትም። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜዬ ቆዳ መጠበቅ ነው። ጆንያ መስፋት ተከለከልኩ፣ ዝናሽ ጠዋት ጠዋት ጣቴን እንደ ሊጥ ገልጣ ታየውና መልሳ ትሸፍነዋለች፣ መኪና ባለፈ ቁጥር አልጋ ሥር እገባለሁ። ሐናን ቫዝሊን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ይቅር በሉኝ። ይለቃል ያልኩት ይለቃል ብዬ ነው።»

«ምርጫውስ ይመጣል ያልሽው?»

«እሱንም ይመጣል ብዬ ነው» አለች።

አልመጣም። የመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ እሱን እኔ አላወራም። ሐናን ዛሬ መተማ ናት፤ ከጦርነቱ ሸሽታ በእግሯ ነው የተሻገረችው። በቀደም ደውላ «ጋሼ፣ እዚህ እኔ ነኝ አጅነቢዋ። ምን ላድርግ?» አለችኝ። ምን እላታለሁ? ቢሮ ሲጠሯት ማልዳ እንድትሄድ፣ ሲቆጧት ዝም እንድትል፣ ውብ ነሽ የሚላትን እንዳታምን ነገርኳት። ዝናሽ ስልኩን ነጠቀችኝና ስለ እናቷ ደኅንነት ጠየቀቻት።

የእኔ ጣት ግን ያ ጦርነት ሳይመጣ ገና ቆዳ አወጣ። መኮንኑ ያው ነው፣ እንቅልፉም ገና አልተመለሰለትም። ብርጭቆዋ ላይ አስቀመጥኩ፣ ዐይኔን ጨፈንኩ፣ ስገልጥ አረንጓዴ ነው። በር ላይ ያለው ወታደር «ይታጠባል?» አለኝ። ኢቃማዬ ታደሰ፣ ማኅተም ተመታበት፣ በእጄ ገባ፤ ሰኔ ሚካኤል ማግስት፣ እሑድ ቀን፤ በነገታው አገር ቤት ምርጫ ነበር።